ክረምትና በጋ የማይለይ ሥራ

አማርኛ ሰላምታውን በጊዜ ይሰፍራል። ሌሊቱን ተለያይቶ ያደረ «እንዴት አደርክ?» ይባላል። ቀኑን ሳይገናኝ የዋለ «እንዴት ዋልሽ?» ይባላል። ቀናት ካለፉ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ይመጣል፤ ቃሉ ከሰንበት የተወለደ ነው። ወራት ካለፉ ደግሞ «እንዴት ከረማችሁ?» ነው፤ ይኸውም ዝናቡን፣ ጭቃውንና የወንዙን ሙላት እንዴት ተሻገራችሁት ማለት ነው። በጋውን ተለያይቶ የቆየም «እንዴት ባጃችሁ?» ይባላል፤ ይህኛው ከከተሜው አፍ እየጠፋ ነው እንጂ።

በፓርክዴል፣ በኩዊን ስትሪት ዌስት የስትሪትካር ማቆሚያ ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሲገናኙ ግን «ሰላም ነው?» ከተባለ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «ሥራ እንዴት ነው?» የሚል ነው። መልሱ በጃንዋሪም ሆነ በጁላይ አይለወጥም። «ምን እባክህ፣ ሩጫ ነው!» ይባላል፤ 501 ቁጥር ይመጣል፤ አንዱ ይሳፈራል፤ «እንደዋወላለን» እንደተባለ ይቀራል። ከተያዩ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች የከረሙበትንም የባጁበትንም ሳይጠያየቁ ይለያያሉ።

ነገሩ የሰላምታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ዓመቱን በወቅት ከፋፍሎ ሥራውን በዚያው ልክ ሲመድብ የኖረ ሕዝብ፣ ወቅቶቹ ከአገር ቤት ይልቅ እጅግ ጎልተው ወደሚታዩበት አገር መጥቶ አሥራ ሁለቱንም ወር እንደ አንድ ወር መሥራቱ ነው። በረዶ ቢወርድ፣ ቅጠል ቢረግፍ፣ ዛፍ ቢያብብ የሥራው ሰዓት ያው ነው። ዋጋው የሚከፈለው በጤና፣ በትዳርና በልጆች ነው።

ሩጫው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ኢትዮጵያውያን በሱዳን፣ በኬንያና በሌሎችም አገሮች አድርገው ቶሮንቶ ሲገቡ፣ ኪራዩ በአንጻሩ ቀለል ይል የነበረባት ፓርክዴል ከመጀመሪያ ማረፊያዎቻቸው አንዷ ነበረች። በጄምሰን አቬኑ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ፎቆች ውስጥ ተዳብሎ እየኖሩ፣ ቀን በፋብሪካ፣ ማታ በፓርኪንግ ወይም በጽዳት መሥራት የግድ ነበር። ወረቀት ገና አልተስተካከለም፤ አገር ቤት ያሉት እጅ እጅ ያያሉ፤ ስፖንሰር የሚጠብቅ ወንድም በካምፕ ተቀምጧል። ያ ጊዜ የዘር ወቅት ነበር ማለት ይቻላል፤ በዘር ወቅት ደግሞ አይተኛም። ችግሩ ዘሩ ከበቀለና ከታጨደ በኋላም አራሹ ከማሳው አለመውጣቱ ነው። ወረቀታቸው ከተስተካከለ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱላቸው ሰዎች ዛሬም ከአውሮፕላን እንደወረዱበት ሳምንት ይሮጣሉ። አዲስ የሚመጡትም ከእነርሱ የሚማሩት ይህንኑ ነው።

እንደሚታወቀው የአገር ቤቱ ሰዓት ከፀሐይ ጋር ይሄዳል። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ነው፤ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ይሆናል። ይህ አቆጣጠር ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬደው ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው፤ በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በቶሮንቶ ግን በጁን ሦስተኛ ሳምንት ፀሐይ 15 ሰዓት ከግማሽ ያህል ትቆያለች፤ የምትጠልቀውም በአገር ቤት አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በዲሴምበር ሦስተኛ ሳምንት ደግሞ የቀኑ ብርሃን 9 ሰዓት አይሞላም፤ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። የሰው አካል ይህን ያህል ብርሃን ሲጨመርለትና ሲወሰድበት ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይሠራል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

የቃሉም ነገር ተደበላልቋል። ፓርክዴል ያለው ኢትዮጵያዊ የበረዶውን ወራት ክረምት ይላቸዋል፤ እናቱ ግን በስልክ «ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቷል» ሲሉት የሚናገሩት ስለ ሐምሌና ነሐሴ ነው። የቶሮንቶ ትምህርት ቤቶችም የሚዘጉት በዚያው በጁላይና በኦገስት ነው፤ እዚህ ግን በጋ ይባላል። በአገር ቤት በጋ የሚባሉት ታኅሣሥ ማለቂያ፣ ጥርና የካቲት ደግሞ እዚህ በረዶው የሚከመርባቸው ናቸው።

አሁን በዲሴምበር አንድ አባወራ ይታሰብ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከቤቱ ሲወጣ ጨለማ ነው። መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ ይውላል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሲወጣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ እርሱም ወደ ሁለተኛው ሥራው ያመራል። ወደ እኩለ ሌሊት ቤቱ ይገባል፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ምግቡ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይጠብቀዋል። ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት አለ። እሑድ ልብስ ማጠብ፣ ዕቃ መግዛት፣ ለቅሶ መድረስ ነው። እናቱ ሲደውሉ «ልጄ፣ ምነው ድምፅህ ሰለለ?» ይሉታል። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራ ነው» ይላቸዋል። በጁን ይህንኑ ሰው ማየት ነው፤ ብርሃኑ በእጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ሳለ ፕሮግራሙ በአንዲት ደቂቃ አልተለወጠም።

በጎጃምም ሆነ በሸዋ ደጋ አራሹ እንዲህ አይኖርም። የበልጉ ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው ሞፈርና ቀንበሩን አስተካክሎ ይወጣል፤ ለጤፍ የሚሆነውን ማሳ አራትና አምስት ጊዜ ይመላለስበታል። ሐምሌ ላይ ይዘራል። ነሐሴና መስከረም የአረም ነው። ኅዳር የአጨዳ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ እህሉ በአውድማ ላይ የሚወቃበት ነው። በአጨዳውና በውቂያው ብቻውን አይሠራም፤ ደቦ ይጠራል ወይም በወንፈል ይረዳዳል። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ሠርግ ይደገሳል። ጥር የሙሽራ ወር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እህል አለ፣ መንገዱ ደርቋል፣ ዐቢይ ጾምም አልገባም።

በእርሻው ወቅት እንኳ በሬው ቀኑን ሙሉ አይጠመድም። ፀሐይ ስትበረታ ይፈታል። ጌታው ስለሚራራለት ብቻ ነው እንዳይባል፣ የዛሬውን በሬ የጨረሰ ሰው ነገ የሚጠምደው የለውም። መሬቱም ቢሆን በየዓመቱ አንድ ዓይነት እህል አይዘራበትም፤ ጤፍ የወሰደው ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ወይም ሽምብራ ያገኛል፤ የሰፋ መሬት ያለውም ከፊሉን ጦም ያሳድረዋል። ከዚህ ላይ በወሩ ውስጥ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ ባለ እግዚአብሔር በ29 ሲውሉ ሞፈር ይሰቀላል፤ ሙስሊሙም አራሽ ለጁምዓ ሥራውን ያቋርጣል። የበዓላቱ መብዛት ምርት ይቀንሳል ብለው የተከራከሩ አልጠፉም፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። ያም ሆነ ይህ፣ በበዓሉ ቀን ሰው ከሰው ይገናኛል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል።

ይህን ሲያነሱ ግን አገር ቤቱን ገነት ማስመሰል አይገባም። ሐምሌና ነሐሴ ሥራው የሚከብድባቸው፣ ጎተራውም የሚራቆትባቸው ወራት ናቸው፤ ብዙ ቤት በጦም ያረሰ ገበሬ አለ። ለሴቲቱማ ወቅትም በዓልም የለም። ሞፈር በተሰቀለበት ቀን ውኃው ይቀዳል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ልጁ ይታዘላል። ይህች ሴት ቶሮንቶም መጥታ ያው ናት፤ ቀን የሰው አረጋውያን ስትጦር ትውላለች፤ ማታ ምጣዷን ትጥዳለች። ባልየው «አረፍኩ» ያለበት ቀን ለእርሷ እንግዳ የሚበዛበት ቀን ነው። ስለዚህ ስለ ዕረፍት የሚነገር ማንኛውም ነገር ከወጥ ቤት ካልጀመረ ግማሽ ነገር ነው።

ከአራሹ የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው። አራሽ ትንሽ ይሠራል የሚል ሰው አርሶ አያውቅም። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ወር አይሠራም። በዘር ጊዜ ሠርግ አይደግስም፤ በውቂያ ጊዜ ማሳ አይገምስም። የከበደው ወር ማለቂያ እንዳለው ስለሚያውቅ ይችለዋል። የቶሮንቶው ወገን ግን በአንዱ ሳምንት ውስጥ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይድራል። ሁለት ሥራ አለው፤ የማታ ኮርስ ጀምሯል፤ አዲስ አበባ ላይ ቤት እያሠራ በስልክ ከግንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ልጁን እግር ኳስ ያደርሳል፤ የማኅበር ስብሰባ አለበት፤ ለመስከረም የወንድም ልጅ ደብተር፣ ለገና የበግ፣ ለፋሲካ የዶሮ ገንዘብ መላክ አለበት። ከእነዚህ አንዱም ከንቱ አይደለም። ሁሉም በአንድ ላይ ሲመጡ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይሆናል፤ ኮርሱ ይቋረጣል፣ ቤቱ ግማሽ ይቀራል፣ ልጁም የእግር ኳሱን መስክ የሚያስታውሰው በአባቱ ጀርባ ሳይሆን በስልኩ ነው።

የካናዳ ምድር ራሷ እንዲህ አትሠራም። የሜፕል ዛፍ ፈሳሹ የሚቀዳው በመጋቢት ገደማ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ቀኑ ከዜሮ በላይ በሚሆንባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ቢበሱት አይረባም። በሃይ ፓርክ ያሉት የቼሪ ዛፎች፣ በ1959 የጃፓን አምባሳደር በቶኪዮ ሕዝብ ስም የሰጧቸው፣ የሚያብቡት በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ ነው፤ አበባው ከቆየ አሥር ቀን ነው። ከተማው ሁሉ ሊያያቸው ይጎርፋል። ከፓርክዴል በእግር የሚደርስ ሩቅ ያልሆነ ቦታ ነው፤ ሃያ ዓመት ኖረው አንድ ጊዜ ያላዩዋቸው ኢትዮጵያውያን ግን ጥቂት አይደሉም። በማሳሪክ ፓርክ ያለውን የማኅበረሰብ አትክልት ቦታ ያየ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይማራል። በኦንታሪዮ ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው በኦክቶበር ነው። ገለባ ይለብሳል፤ በረዶ ይወርድበታል፤ ከመሬት በታች ሥሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ጁላይ ላይ ይነቀላል። ያ ብርድ ካላገኘው ፍንካቹን በደንብ አይከፍልም። ጎመኑም ቢሆን ውርጭ ከመታው በኋላ ይጣፍጣል። በአገር ቤት «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ብርድ ሳይገባ አካልን ማጠንከር ማለት ነው።

ወቅቱን የማይቀበል እንዲቀበል የሚገደድበት ጊዜም አለ። በጃንዋሪ 1999 በረዶው ቶሮንቶን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከንቲባው ሜል ላስትማን ጦር ሠራዊት እንዲረዳቸው ጠሩ። የቀረው የካናዳ ሕዝብ ለብዙ ዓመት ሲስቅባቸው ኖረ። የሳቀው ይሳቅ እንጂ፣ ሰውየው ቢያንስ ወቅቱ ከጉልበታቸው በላይ መሆኑን በአደባባይ አምነዋል። ይህን የሚያምን አባወራ በፓርክዴል ማግኘት ይከብዳል።

የአካልን ነገር በሚመለከት ሊታወቅ የሚገባው አንድ ታሪክ አለ። ኖርማን ሮዘንታል የሚባሉ ሐኪም የተወለዱት በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ ነው። በ1976 ወደ ኒው ዮርክ መጡ። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ኃይላቸው እንደሚቀንስ፣ ሥራቸው እንደሚጓተት፣ ፀደይ ሲመጣ ደግሞ እንደሚነቁ በራሳቸው ላይ አስተዋሉ። በኋላ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጉዳዩን አጠኑ፤ በ1984ም በወቅት የሚመጣውን የመንፈስ ጭንቀት ስም ሰጥተው ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁት። እንግዲህ ይህን ነገር አስተውሎ ስም ካወጡለት ሰዎች ዋናው ፀሐይ ከማይጠፋበት የአፍሪካ አገር የመጣ ስደተኛ ነበር። ምልክቶቹም የታወቁ ናቸው፤ ብዙ መተኛት፣ ዳቦና ጣፋጭ ማማር፣ መወፈር፣ ሥራ ማስጠላት፣ ከሰው መሸሽ። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን እነዚህ ምልክቶች ሌላ ስም አላቸው። በፌብሩዋሪ ስልክ የማያነሳ ሰው «ኮራ» ይባላል። ከስብሰባ የቀረ «ሰነፈ» ይባላል። ስትሪትካሩ ከፓርክዴል ወደ ምሥራቅ በኩዊን ሲሄድ የሚያልፍበት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በዚያ ስፍራ የተከፈተው በ1850 ነው፤ ስሙ ሲነሳ ድምፅ ዝቅ የሚደረግበት ምክንያት ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። ሕመሙ ሕክምና አለው፤ ጠዋት ጠዋት ብሩህ ብርሃን ፊት መቀመጥ ብቻ የሚረዳቸው ሰዎች አሉ።

የቫይታሚን ዲ ነገርም አለ። በ1988 የወጣ ጥናት በቦስተን ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ወራት የፀሐይ ብርሃን በቆዳ ውስጥ ይህን ቫይታሚን ማስገኘት እንደማይችል አሳይቷል። ቶሮንቶ ከቦስተን ትንሽ ወደ ሰሜን ከፍ ያለች ናት። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጩ ይልቅ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ አጥንቱን የሚቆረጥመው፣ ያለ ምክንያት የሚደክመው ሰው በቤተሰብ ሐኪሙ ዘንድ ደሙን ቢያስመረምር አይከፋም።

«ሕግ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አለ። በኦንታሪዮ የሥራ ሕግ መሠረት ለአብዛኛው ተቀጣሪ በሳምንት ከ44 ሰዓት በላይ ለሠራበት አንድ ተኩል ይከፈለዋል፤ በአንዱና በሌላው የሥራ ቀን መካከል ቢያንስ 11 ሰዓት ማረፍ አለበት፤ በዓመቱ ሁለት ሳምንት፣ አምስት ዓመት ካገለገለ ደግሞ ሦስት ሳምንት ፈቃድ አለው፤ ዘጠኝ የሕዝብ በዓላትም አሉ። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚቆጥረው በአንድ አሠሪ ዘንድ ያለውን ሰዓት ነው። አንዱ አሠሪ ሲለቅቀው ወደ ሌላው የሚሮጠውን የሚቆጥርለት የለም። ለራሱ የሚሠራውን ታክሲ ነጂ ደግሞ ማንም «በቃህ፣ ግባ» አይለውም። ብዙዎች የፈቃዱን ገንዘብ ከየደመወዛቸው ጋር ተቀብለው ዕረፍቱን ይረሱታል። የሚጠራቅሙት ደግሞ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሠብስበው አገር ቤት ይሄዱበታል፤ እዚያም ከዘመድ ዘመድ ሲዞሩ፣ ሻንጣ ሲያካፍሉ፣ የመሬት ጉዳይ ሲከታተሉ ይከርሙና ከሄዱበት ቀን የበለጠ ደክመው ይመለሳሉ። በእርግጥ ለገናና ለጥምቀት የሚሄዱት ሳያውቁት ብልህ ሆነዋል፤ የቶሮንቶን ጨለማ ሳምንታት ያመልጣሉ።

ኢትዮጵያዊው ያለ አንዳች ማንገራገር ሥራ የሚያቆመው ለለቅሶ ነው። መርዶ ሲመጣ ሽፍት ይቀየራል፣ ታክሲ ይቆማል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ይህ የሚያስከብር ባህል ነው። ግን በእነዚያ ለቅሶዎች ላይ «ድንገት ነው፣ ትናንት ሥራ ነበር» የሚባልላቸው፣ ሃምሳውንና ስድሳውን ያልዘለሉ ሰዎች ፎቶግራፍ ሲደረደር ያየ ሰው ዝም ሊል አይገባውም። የእያንዳንዱን ሕመም ምክንያት ሐኪም ያውቃል። ሆኖም ለጓደኛው ቀብር ሦስት ቀን ፈቃድ የሚያገኝ ሰው ለራሱ ደም ግፊት ግማሽ ቀን አላገኘም።

በጣም የሚከብደው ተቃውሞ የኪራዩ ነው። «ባለቤቱ በጃንዋሪ ግማሽ ክፈል አይለኝም» ይባላል። እውነት ነው። ኪራይ፣ ኢንሹራንስና ስልክ ወቅት አያውቁም፤ እንዲያውም ጃንዋሪ የዲሴምበር ክሬዲት ካርድ የሚመጣበት ወር ነው። ስለሆነም ለሠራተኛ ሰው «በበረዶው ጊዜ ዕረፍ» ብሎ መምከር ባዶ ቃል ነው፤ በበረዶው ጊዜ የሚበላው ከየት ይምጣ? አራሹ ለዚህ ጎተራ ነበረው። ፓርክዴል ውስጥ ጎተራውን የሚተካው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ዕቁብ ነው።

አሁን ባለው አሠራር ዕቁብ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል፤ አንዱ ዙር ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል። ወሩ ምንም ይሁን ምን ገንዘቡ መጣል ስላለበት፣ ሁለተኛውን ሥራ በፌብሩዋሪ ለመተው የሚያስብ ሰው «ዕቁቡስ?» ብሎ ይመለሳል። ለማረፍ ሊረዳ የሚችለው ነገር ራሱ ጫና ሆነ ማለት ነው። ዙሩ በሜይ ተጀምሮ በዲሴምበር ማለቂያ ቢዘጋ ግን በየሳምንቱ ለሚጣል ዕቁብ ከሠላሳ የሚበልጥ ዕጣ ይኖራል። ቀኑ በሚረዝምበት፣ ሰው ጉልበት በሚኖረውና ትርፍ ሰዓት መሥራት በማይከብድበት ጊዜ ገንዘቡ ይጣላል። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ማንም ምንም አይጥልም። ያ ለአንድ ቤተሰብ ሁለተኛውን ሥራ ለሦስት ወር ለመተው ወይም ሽፍት ለመቀነስ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ባይበቃ እንኳ እሑድን ነፃ ያወጣል። የመጨረሻው ዕጣ የሚደርሳቸው ከወትሮው ባለ ዕድሎች ይሆናሉ፤ እስከ ዛሬ የመጨረሻ ዕጣ እንደ ቅጣት ነበር የሚታየው።

ሥራው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑም ሊታሰብ ይገባል። ለታክሲ ነጂ ዲሴምበር መኸር ነው፤ ብርዱና ግብዣው ተሳፋሪ ያመጣል፤ እርሱ ማረፍ ያለበት በዓላቱ ካለፉ በኋላ ነው። በግንባታና በጓሮ ሥራ ላይ ያለው ዞሮ ዞሮ በበረዶው ጊዜ ሥራው ይቀንስበታል፤ ያንን ጊዜ ሌላ ሥራ ከመፈለግ ይልቅ ኮርሱን የሚጨርስበት ቢያደርገው ይሻላል፤ ጨለማና ብርድ ለንባብ የተመቹ ናቸው። አረጋውያንን የምትጦረዋ ግን ሥራዋ በየትኛውም ወር አይቀንስም፤ ለእርሷ ቀሊል ወር የሚሆነው ባልና ልጆች ምጣዱንና ልብስ ማጠቡን ሲረከቡላት ብቻ ነው።

የማኅበረሰቡም ድርጅቶች የበኩላቸውን ሊያደርጉ ይችላሉ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከተቋቋመበት ከ1984 ጀምሮ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ የሚደረገው ውድድር ትልቅ ትምህርት አለው። «ፈቃድ የለኝም» የሚል ሰው ለዚያ ሳምንት ፈቃድ ያገኛል፤ ሁሉም ስለሚሄድ ማንም እንደ ሰነፍ አይቆጠርም። ዕረፍት የጋራ ሲሆን አያሳፍርም። በፌብሩዋሪም እንደዚሁ አንድ የጋራ ነገር ቢኖር፣ ስብሰባና መዋጮ የሌለበት፣ ቡና ተፈልቶ ልጆች የሚጫወቱበት የቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን እንኳ፣ ስልኩን የማያነሳው ሰው ቤቱ ተንኳኩቶ የሚመጣበት ምክንያት ያገኛል። የዕድሮችና የማኅበራት ጠቅላላ ስብሰባ፣ ምርጫና ክርክር ደግሞ ወደ ሜይና ጁን ቢዛወር ጠቡም ሳይቀንስ አይቀርም፤ በማርች የተደረገ ስብሰባ በሰላም ሲያልቅ እምብዛም አይታይም።

ከዚህ ሁሉ ቀላሉ የዕቁቡ ነው። ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም፤ መንግሥትንም አሠሪንም አይመለከትም። ሬስቶራንት ውስጥ እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት አባላት ያለውን ዙር ጨርሰው፣ የሚቀጥለውን እስከ ሜይ ማቆየት ብቻ ነው። ዳኛውም ጸሐፊውም እንደ ወትሮው ይመረጣሉ፤ የሚጣለውም ገንዘብ ያው ነው፤ የሚለወጠው ዙሩ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ወር ነው።